አልጋ ስር ያለው በር

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? የእጅዎ ቁርጥማት ቀለል አለልዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ነርስ ነኝና ታማሚን ደህና ነው ማለት አይሆንልኝም። ደህና አይደለሁም። አንጀቴ አሯል።

በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። እርስዎ ግን ስልክ ላይ «እሺ… እሺ… በይ ደህና ሁኚ» ብለው ነው የሚዘጉት። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ጻፍኩ።

ሰርጋችን ካለፈ ሦስት ወር ሆነው። ለዚያ ሰውዬ ዋስ ሆነው እናቴ ፊት የተናገሩትን አልረሳሁም። «ስምንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ አናጢነትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ጠማማ በር ሰቅሎ አያውቅም» አሉ። እውነትዎን ነው። ጠማማ በር አልሰቀለም። ጭራሽ ምንም በር አልሰቀለም!

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሽንት ቤቱ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ይከፈታል፤ ይከፈታል ማለቴ በር ቢኖረው ነው። በገባን በሦስተኛው ቀን ባሌ ሜትር (የወርክሾፕ ባልደረቦቹ ያወጡለትን ስም እኔም ለምጄዋለሁ) አሮጌውን በር ዞር ዞር ብሎ አየው፤ የታችኛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ተጫን አደረገና «በስብሷል» አለ። ነቅሎ በትከሻው ይዞት ሄደ። «ላንቺ የሚሆን በር እሠራለሁ» አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ክሊኒክ ላለው ሁሉ አወራሁ። አሁን እንግዳ ሲመጣ የሚያየው በሁለት ሚስማር የተንጠለጠለ አበባ አበባ አንሶላ ነው።

ሕግ አውጥተናል። ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ያሰማል። እኔ እዘፍናለሁ። እሱ መዝፈን ይቅርና ማሳል ይከብደዋል፤ በእርሳሱ ግድግዳውን ኳ… ኳ… ያደርጋል። ትዳሬ ይኸው ነው።

ለአዲሱ በር የገዛው ጣውላ ያለው አልጋችን ስር ነው። ወርክሾፕ ቢያስቀምጠው ባልደረቦቹ ለሌላ ሰው ሥራ ይቆርጡበታል አለ። ስድስት ጣውላ፣ በመካከላቸው አየር እንዲገባ ቁርጥራጭ እንጨት ተደርጎላቸው፣ ከኔ ይበልጥ ተመችቷቸው ተኝተዋል። እሑድ ጠዋት እኔ ቁርሴን ስበላ እሱ በሆዱ ይተኛና አንዱን ጎትቶ ያወጣል። ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፍና መልሶ ይከተዋል። «እህስ?» እለዋለሁ። «ገና ነው» ይለኛል። ሌላ ቃል የለም፤ እስከሚቀጥለው እሑድ።

እማዬ ጥር 12 ትመጣለች፤ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። እህትዎ ናት፣ ያውቋታል። እማዬ ከአንሶላ ጀርባ ሆና ስትዘፍን ይታይዎታል?

እባክዎ ሁለት መስመር ይጻፉለት። ከሰው ሁሉ የሚሰማው እርስዎን ነው። ባለቤትዎን እትዬን ጉንጯን ሳም ያድርጉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ
ጥይት


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጥይቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ጎጆሽን ያሙቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ቁርጥማቱም ደህና ነው፤ ካለበት አልተነቃነቀም።

መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። እዚህ ፋብሪካ በቀን አራት መቶ በር እናወጣለን። በር ይበሉት እንጂ ሰጋቱራና ሙጫ ተጨፍልቆ ነው። የኔ ሥራ ማጠፊያው የሚገባበትን ቀዳዳ ማየት ነው። ልክ ከሆነ አሳልፋለሁ፤ ልክ ካልሆነ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የእንጨት ሽታ አልሸተተኝም።

ስለ በሩ ላልሽው፣ ተማሪዬ ልክ ነው። እርጥብ ጣውላ ዛሬ ቢሰቅልልሽ በሦስት ወሩ ይጣመምና ሲዘጋ ግማሹ ይቀራል። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይጠበቃል። በሁለት ተከታታይ እሑድ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ ያን ጊዜ መጋዝ ይነሳል። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አትጨቅጭቂው። ዝም የሚል ሰው ክፉ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

ቁጥሩ ስንት እንደደረሰ አይተሽ ጻፊልኝ። አንቺም በወለል በምናምን ራስሽን አታድክሚ። አዲስ ሙሽራ ነሽ፤ ትንሽ እረፊ። ወለል በደረቅ መጥረጊያ ቢጠረግም ይበቃዋል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አሮጌዋ መላጊያዬ እናትሽ ዘንድ በሳጥን ውስጥ አለች። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። እዚህ የምልገው እንጨት የለም፤ ግን አጠገቤ ብትኖር ደስ ይለኛል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው ነው፤ ንዴቴ ግን ጨምሯል።

ስለ ወለሌ ማን ነገረዎት? ደብዳቤዬን መለስ ብለው ይዩት፤ ወለል የሚል ቃል አልጻፍኩም። እሱ ነው አይደል? ለኔ ቃል የሚቆጥብ ሰው ለርስዎ ደብዳቤ ይጽፋል ማለት ነው? ምን አለ? ቆሻሻ ናት አለ? እኔ የምሠራው ቁስል ማሸጊያ ክፍል ነው፤ አጎቴ! «በደረቅ መጥረጊያ ይበቃዋል» የሚል ሰው እኛ ዘንድ ቢቀጠር አንድ ቀን አያድርም።

በንጽሕናዬ ከመጡብኝ እንግዲህ ይስሙ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ አንድ ባልዲ የነበረውን ሁለት አድርጌዋለሁ። ከሥራ እመለስና ቀሚሴን ሰብስቤ በረኪና ያለበትን ውሃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እለቀዋለሁ። አልጋ ስርም አይቀረኝም፤ መወልወያው እስከሚደርስበት ድረስ። ሲከፋኝ ካላጠብኩ አይወጣልኝም። እሱ ደፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። አፉን ከፈት ያደርጋል። ይዘጋል። ጫማውን ይዞ ይወጣል።

ቁጥሩን ላሉት በሆዴ ተኝቼ አይቼልዎታለሁ። መጀመሪያ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነበር። እየቀነሰ ዘጠኝ ሊገባ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ያለፈው እሑድ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም! ሰው ትዳር ሲስማማው ሲወፍር አይቻለሁ፤ ጣውላ ሲወፍር ያየሁት በኔ ቤት ነው። እኔ ከስቼ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስጠብቤያለሁ።

በዚህ ላይ ባለፈው ሳምንት አለቃዬ፣ ዋናዋ ነርስ፣ ቤትሽን እንይልሽ ብለው መጡ። ሻይ ጠጡና እጄን ልታጠብ ብለው ገቡ። ምን ልበልዎት፣ አንሶላው ከነሚስማሩ ወረደ። እሳቸው ውስጥ ናቸው። እኔ ጮህኩ። እሳቸው ጮኹ። ሜትር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቱን አዙሮ ታጣፊ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ግድግዳውን መለካት ጀመረ! አለቃዬና እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ስለዚህ ነገርኩት። «እማዬ እስክትመጣ በር ከሌለ፣ እሷ ስትመለስ አብሬያት እሄዳለሁ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ የቱን ነው እሺ ያለው? በሩን ነው መሄዴን?

ቀልድ እንዳይመስልዎት። በር ብቻ ቢሆን እታገሰው ነበር። ያንገሸገሸኝ ከግድግዳ ጋር መኖር ነው። ወድጄው እኮ ነው ያገባሁት። እጁን ሲታጠብ ከኋላው አየውና ያሳዝነኛል፤ እወደዋለሁ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ምንም» ይለኛል፤ ያኔ ባልዲዬን አነሳለሁ።

መላጊያዎን እማዬ እንድታመጣው እነግራታለሁ። እትዬ ለምን አንድ መስመር አትጨምርልኝም? በፊት ከደብዳቤዎ ጥግ ጽሑፏ አይጠፋም ነበር።

ጥይት


ጥር 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዋናዋ ነርስ ጋ ስደርስ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ሁለተኛ ሳነበው መሳቅ አልቻልኩም። በሦስተኛው እውነቱን ልነግርሽ ቆረጥኩ።

ጣውላ አይወፍርም። ውሃ ካልጠጣ ክብደት አይጨምርም። በሩን የምታጠጪው አንቺ ነሽ።

ይህን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። ሜትር ጥቅምት ላይ ጽፎልኝ ነበር። አምስት መስመር ናት፤ ለሱ መጽሐፍ እንደመጻፍ ነው። «ጋሼ፣ ባለቤቴ ወለል ስታጥብ ጣውላው ይረጥባል። ልንገራት ወይስ ልተወው?» ይላል። እኔም «አትንገራት፤ አዲስ ሙሽራ ናት፣ በሙያዋ ከመጣህባት ትቀየማለች። ዝም በል፣ ያልፋል» ብዬ መለስኩለት። እሱ እንዳልኩት አደረገ። ላንቺ ስጽፍ ደግሞ ምንም እንደማያውቅ ሆኜ ያችን ደረቅ መጥረጊያ ጣል አደረግሁልሽ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ባልዲሽን እጥፍ አስደረግሁት እንጂ ምን ፈየድኩ!

እትዬሽ ለምን አንድ መስመር እንደማትጨምር ጠይቀሻል። እዚህ የለችም። ከቤት ከወጣች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። ለሰርግሽ ብቻዬን ስመጣ አሟት ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው። ያለችው እዚሁ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ። ስትወጣ የተናገረችው ከጆሮዬ አልወጣም። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ይቆጣኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ» አለች። እኔ ጥሩ ባል ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም። ቅር ሲለኝ ወርክሾፕ እገባና እንጨት እልጋለሁ። ባልሽ ያን ጊዜ አጠገቤ ቆሞ ነው ሥራ የለመደው። ያስተማርኩት እንጨቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ለሱ አልጻፍኩለትም፤ ከእንግዲህም በመካከላችሁ አልገባም። አንቺው ጠይቂው። መላጊያዋን አትላኪ፤ ለሱ ስጪልኝ። የእትዬሽን ነገር ለእናትሽ እስክነግራት ድረስ ዝም በይልኝ… አይ፣ ተይው። ንገሪያት። ዝም በሉ ማለት ሰልችቶኛል።

አጎትሽ


ጥር 14 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታ ለማብዛት ጊዜ የለኝም። መልስዎ አልደረሰኝም። እማዬ ከትናንት ወዲያ ገብታለች። በር የለም።

አንሶላውን ስታይ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየችው። አሁን የምትጠቀመው የጎረቤት ሽንት ቤት ነው፤ ቦርሳዋን አንግታ፣ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ፣ ቢሮ እንደሚገባ ሰው።

የጥር 28 የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ሁለት ወንበር። ሜትር ትኬቱን ጠረጴዛ ላይ አየው። አንስቶ ቀኑን አነበበና መልሶ አስቀመጠው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ብርጭቆ ጫነበት። ከዚያ ሥራ ሄደ።

ጥይት


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው፤ ፖስታ ቤት መንገድ ላይ አስቀምጠውት ነበር መሰለኝ። ክሊኒክ ሆኜ አነበብኩት። የአንድ ታካሚ ቁስል አሽጌ እንደጨረስኩ ጋውኔን ሳላወልቅ ወርክሾፕ ሄድኩ።

ሜትር የመስኮት ፍሬም እየላገ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጣውላውን እያረጠብኩት እንደሆነ!»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ አትንገራት አሉኝ።»

«ያገባኸው ጋሼን ነው?»

ሌላው አናጢ መጋዙን አቆመ። ሜትር ቀና አለ። አጎቴ፣ ጉድ ልንገርዎት፤ ሰውዬው ተናገረ!

«ስትናደጂ ወለል ታጥቢያለሽ» አለ። «ወለሉን ባስተውሽ ንዴቱን የት ልታደርጊው ነው? እኔ ላይ ነዋ! እኔ ላይ ከሚሆን ጣውላው ላይ ይሁን ብዬ ነው!»

«አንተ ላይ ይሁና! ባል ምን ሊሠራልኝ ነው ያገባሁት?»

«እንደሱ ከሆነ እኔም አለኝ!» አለና ድምፁን ለቀቀው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ለካ አላውቅም ነበር። ለካስ ከኪሱ አውጥቼ በረኪና ውስጥ የዘፈዘፍኩት ታጣፊ ሜትር ቁጥሩ ግማሹ ለቆ ኖሯል፤ አንድ የቁም ሳጥን መዝጊያ አጥብቦ ቆርጦበት ከቁም ሳጥኑ ባለቤት ተሰድቧል። ሰጋቱራ ሸተትክ እያልኩ በረንዳ ላይ ሸሚዙን የማስወልቀው፣ ጎረቤት እያየ፣ አሳፍሮት ኖሯል። «ሽንት ቤት የምትዘፍኚው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ነው! ሁልጊዜ! መካከሉን ታበላሺዋለሽ!» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዋናዋ ነርስ ጀመርኩ። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሊገላግሉን መጡ፤ ኋላ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጯጯህን።

በመካከሉ ዓይኔ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ በር ላይ አረፈ። አሮጌው በራችን! ከታች የበሰበሰው አራት ጣት ያህል ተቆርጦ በሌላ እንጨት ተተክቷል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቆሟል።»

«አዲሱ እስኪደርስ ለምን አልሰቀልከውም?»

«ስቀለው አላልሽኝም። ላንቺ የሚሆን አይደለም ብዬ ነው።»

ራሴን ይዤ ጮህኩ። በዚያው ከሰዓት ተሸክሞት መጣ፤ ለመስቀል ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ስድስት ወር ለግማሽ ሰዓት ሥራ! እማዬ ከጎረቤት ስትመለስ በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው። «ይሄ ሰው ጭንቅላት አለው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በፊቱ። እሱም «የሷንም ይጠይቁ» አላት። እማዬ ሳታስበው ሳቀች።

ጣውላው ወርክሾፕ ጣሪያ ስር ተሰቅሎ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሯል። ሦስት ወር ይፈልጋል አለ። ከሁለት ወር በላይ አልጠብቅም ብያለሁ። አልተስማማንም።

የእትዬን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። «ሃያ ደቂቃ?» አለች። እኔ ግን እጨምራለሁ። ተቀይሜዎታለሁ፤ አጎቴ። እትዬ እንዲህ ሆና እኛ እዚህ ጉንጯን ሳሙልኝ እያልን ስንጽፍ እንዴት ዝም አስቻለዎት? በኔ ላይ ያደረጉትን ደግሞ ይቅር እላለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም። ካርድ አውጥተው ተራ ይጠብቁ። እስከዚያ በዚያ አውቶቡስ ሄደው የእትዬን በር ያንኳኩ። ትቆጣዎት፤ እርስዎም ይቆጡ።

ትናንት ጠዋት ሻንጣዬ ታስሮ ነበር። ልሄድ ነበር፤ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን ስለጮኸ፣ አንድ አሮጌ በር ስለሰቀለ፣ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ነገ ተመልሶ ግድግዳ ቢሆንብኝስ ብዬ ፈራሁ። እማዬ ኮቷን ለብሳ «ነይ እንጂ፣ አውቶቡሱ አይጠብቀንም» ትላለች። ሜትር ሻንጣዬን አነሳልኝ። እስከ በረንዳው ይዞት ሄደና አስቀመጠው።

«እኔ አልሸከመውም» አለ። «መሄድሽን አልፈልግም። ከሄድሽ ራስሽ ተሸከሚው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ ይህን ለመናገር?»

«አንቺስ መቼ ትንፋሽ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ? ሳስብ ባልዲ ታነሻለሽ!»

«አንድ ቃል ለማሰብ ስድስት ወር?»

«አዎ! አንዳንዱ ቃል ስድስት ወር ይፈጃል!»

እማዬ ሰዓቷን አየች። «ትመጫለሽ አትመጪም?»

«ይሄን ሳልጨርስማ አልሄድም» አልኳት።

«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

ዞር ብዬ አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ የምመልስለትን እየጠበቀ ነበር።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ» አልኳት። «ብዙ ነው።»

እማዬ ሁለቱንም ትኬት ይዛ ሄደች፤ በአንዱ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ ብላ።

እዚህ ላይ ላቁም። ሜትር ከሳሎን እየጠራኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ለተናገርኩት ነገር መልስ አግኝቶለታል፤ በአምስት ሰዓቱ።

አክባሪዎ፣ ለጊዜው በግማሽ ልብ
ጥይት